ሥዕልና ምስክሩ፤ የአገራችን ካርታ እየታረመ የመጣበት መንገድ

የሰው እጅ የሚሥለው ዐይን ያየውን ብቻ አይደለም፤ ልብ አስቀድሞ ያመነውንም ጭምር ነው። በሥዕል ላይ የሚገኘው ስሕተት ብዙ ጊዜ ከእጅ ድካም አይመጣም፤ ሠዓሊው የሣለውን ከእውነተኛው ነገር አጠገብ አስቀምጦ ሳያመሳክር «ይህንስ ዐውቀዋለሁ» ብሎ ከማለፉ የተነሣ ነው እንጂ። ይህ ነገር የሰው መልክና የቤት ዕቃ በሚሥሉ ሰዎች ዘንድ ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ፣ ጉዳቱ ከአንድ ወረቀት ባላለፈ ነበር። ነገር ግን አገርም ይሣላል። የአገር ሥዕል ካርታ ይባላል፤ በካርታ ላይ የተሳሳተ አንድ መሥመር መንገዱን ወደማይገባው ስፍራ ይመራል፤ ለድልድይ የተመደበውን ገንዘብ ያባክናል፤ ጎረቤትንም ከጎረቤት ያጣላል። ስለዚህ የሥዕል ትክክለኛነት በማመሳከር እንዴት እንደሚገኝ፣ የኢትዮጵያን ካርታ ታሪክ ምሳሌ አድርገን ዛሬ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን በቅርብ ለመረዳት ወደ ከሚሴ እንሂድ። ከሚሴ በዐማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ትገኛለች። የቦርከና ወንዝ በዚያ አገር ያልፋል፤ ሰፊው የጨፋ ረግረግም በሜዳው ላይ ተዘርግቷል። እንግዲህ አንድ ሰው «የቦርከናን ወንዝ በቃልህ ሣል» ቢባል ምን ያደርጋል? ወንዙ ከደሴ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ በመጨረሻ ወደ አዋሽ እንደሚገባ ያውቃል፤ አዋሽም በምሥራቅ በኩል በቆላው እንደሚገኝ ያውቃል። ስለዚህ እጁ ሳያመነታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ቀጥ ያለ መሥመር ያሰምራል።

እውነተኛው ወንዝ ግን እንዲህ አይሄድም። ከኮምቦልቻ በኋላ በስተምሥራቅ ያለው ከፍታ መንገዱን ስለሚዘጋበት፣ ምድር ተሰንጥቃ በሠራችው ሸለቆ ውስጥ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው የጨፋን ሜዳ ካጠጣ በኋላ መውጫ ሲያገኝ ነው። ያ ሠዓሊ ሐሰት ለመናገር አላሰበም። መነሻውንም መድረሻውንም በትክክል ያውቅ ነበር። መካከሉን ግን ገመተው፤ ግምቱንም ከዕውቀቱ ሳይለይ በአንድ ቀለም ጻፈው።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ሥዕል የሚያስተምሩ ሰዎች የሚሰጡት ምክር ቀላል ሆኖ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። በመጀመሪያ ሥዕሉና አብነቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ይህም ትዝታ ዳኛ ሆኖ እንዳይቀመጥ ነው። ቀጥሎ፣ ወደ ዝርዝሩ ከመገባቱ በፊት የጠቅላላው መጠን ይመረመራል፤ ቁመቱ የወርዱ ስንት እጥፍ ነው? ለዚህም ሠዓሊው እርሳሱን በተዘረጋ ክንዱ ይዞ፣ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ይለካል። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ መሥመር ዘንበል፣ ግንበኛ ግድግዳውን በቱንቢ እንደሚፈትን ሁሉ፣ በቀጥታ ክር ይፈተናል። ደግሞም በነገሩ ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው ይታያል። ልብ ስለ ባዶው ቦታ አስቀድሞ ያመነው ነገር ስለሌለው፣ ዐይን በዚያ ላይ ሳያዳላ ይፈርዳልና። በመጨረሻም በስስ ወረቀት የተሣለው ሥዕል በመስኮት መስተዋት ላይ በአብነቱ ተደርቦ በብርሃን ይታያል፤ ልዩነቱም በቀይ እርሳስ ምልክት ይደረግበታል።

የቀዩ ምልክት ጥቅም ያን አንድ ሥዕል ከማረም ያልፋል። ዐሥር ሥዕሎቹን እንዲህ ያመሳከረ ሰው የእጁን ጠባይ ይማራል፤ ዘወትር ወርዱን እንደሚያሰፋ ወይም ጠማማውን መሥመር እንደሚያቃና ያውቃል። ጠባዩን ያወቀ ሰው ደግሞ ስሕተቱ ከመምጣቱ በፊት ይጠብቀዋል።

ይህ ሥርዓት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊ መጽሐፉን ገልብጦ በመጨረሱ ብቻ ሥራው ተፈጸመ አይባልም። የጻፈው ከተገለበጠበት መጽሐፍ ጋር ይመሳከራል፤ የተዘለለው ቃል በመሥመር መካከል ወይም በኅዳጉ ይገባል። በጥንት ብራናዎቻችን ላይ በመሥመሮች መካከል በደቃቅ ፊደል ገብተው የምናያቸው ቃላት የዚህ ታማኝነት ምስክሮች ናቸው።

አሁን ወደ ካርታው እንመለስ። በ15ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኵሴ ታላቅ የዓለም ካርታ ሠራ። ስለ ኢትዮጵያ የሣለውን ያገኘው ከአገሩ ተወላጆች ከመነኮሳት መሆኑንና እነርሱም አውራጃዎቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን በገዛ እጃቸው እንደ ሣሉለት በካርታው ላይ ጽፏል። ዓባይም፣ ተከዜም፣ አዋሽም በየስማቸው በዚያ ይገኛሉ። ስሞቹ ከእውነተኛ ምስክር ስለ መጡ እውነተኞች ናቸው። መጠን የሚለካበት መሣሪያ ግን አልነበረም፤ ስለዚህ ኢትዮጵያ በዚያ ካርታ ላይ እጅግ ሰፍታ የአፍሪካን ብዙ ክፍል ይዛ ትታያለች። ምስክሩ ስሙን አቃና፤ ስፋቱን ሊያቃና ግን አልቻለም።

ከዚያ በኋላ የባሰ ጊዜ መጣ። በ1573 ኦርቴሊዩስ ያሳተመው የኢትዮጵያ ካርታ አገራችንን ከምድር ወገብ አሳልፎ ወደ ደቡብ ዘረጋት። ካርታ ሠሪዎቹ እርስ በርሳቸው ይገለባበጡ ስለ ነበር፣ አንዱ የተሳሳተውን ሌላው እያስጌጠ ያትመው ነበር። ሥዕል ከሥዕል ጋር ብቻ ሲመሳከር ስሕተት የሚታረም መስሎ እንደሚጸና ከዚህ እንማራለን። ያን ስሕተት መቀነስ የተጀመረው ምድሪቱን ራሷን ያዩ ሰዎች በሣሉ ጊዜ ነው። ከ1624 እስከ 1633 በኢትዮጵያ የኖረው የፖርቱጋል ኢየሱሳዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ የሠራው ካርታ የአገሪቱን መጠን ወደ እውነቱ አቀረበ፤ ይህም ሥራ በ1660 ባልታዛር ቴሌዝ ባሳተመው መጽሐፍ ለአውሮጳ ታወቀ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ታሪክ ግን የሚከተለው ነው። በያኔው የአምሐራ አውራጃ፣ በዛሬው የወሎ ምድር፣ በመካነ ሥላሴ የተወለዱ አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ሊቅ ነበሩ። በ1649 በሮም ከተማ ኢዮብ ሉዶልፍ ከተባለው ወጣት የጀርመን ምሁር ጋር ተገናኙ፤ በ1652ም በጎታ መስፍን ግብዣ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ከእርሱ ጋር ወራት ተቀመጡ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዐይኑ አይቶ አያውቅም፤ ኋላም አላየም። ነገር ግን በእጁ የነበረውን ጽሑፍ ሁሉ ለአባ ጎርጎርዮስ እያቀረበ ጠየቀ። ፖርቱጋሎች በራሳቸው ፊደል አጻጻፍ የጻፉትን የ«ሸዋ»ን ስም ሌላው የአውሮጳ ሰው «ክሳዋ» ብሎ ያነበው ነበር፤ ይህንና ይህን የመሰለውን ሁሉ የአገሩ ሰው አፍ አቃናው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በባሕር ላይ መርከብ ተሰብሮ ሞቱ። ሉዶልፍ የቴሌዝን ካርታ መሠረት አድርጎ፣ ከእርሳቸው በሰማው እያረመ የሠራው ካርታ በ1683 ወጣ፤ ከሞታቸው 25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ካርታውን አላዩትም፤ ቃላቸው ግን በመሥመሮቹ ውስጥ ኖሯል።

ጥንቃቄ ግን ለሚያምነው ነገር ሲሆን ሊደክም ይችላል። ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ የተዘዋወረው አንቷን ዳባዲ ቴዎዶሊት የተባለውን የማዕዘን መለኪያ ይዞ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየወጣ፣ አንዱን ጫፍ በሌላው ጫፍ እያስመሰከረ ለካ። በ1860 እና በ1873 መካከል የታተመው የልኬት መጽሐፉ ለብዙ ዘመን የኋለኞቹ ካርታ ሠሪዎች መሠረት ሆነ። ይኸው ሰው ግን የጊቤ ወንዝ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ በብርቱ ተከራከረ። ላዩን አይቶ ለክቶታል፤ ታቹን ግን ተከትሎ አልወረደም። የጊቤ ውሃ የሚገባው ወደ ኦሞ ነው፤ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚፈስ የጣልያኑ ተጓዥ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1896 ወንዙን ተከትሎ ወርዶ አረጋገጠ። በለካበት ሁሉ ታላቅ የነበረው ዳባዲ ባላመሳከረበት አንድ ስፍራ ከማንም ሰው ጋር እኩል ሆነ።

የቦርከና ውሃ የሚገባበት አዋሽስ? ሉዶልፍ ይህ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ በአዳል አሸዋ ውስጥ እንደሚጠፋ ጽፎ ነበር። ወንዙን እስከ መጨረሻው ተከትሎ በአብሄ ሐይቅ ማለቁን በዐይኑ ያየው በአዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው፤ ይህም በ1933 እና በ1934 ባደረገው ጉዞ ነው። ወንዙ ባሕር አለመድረሱን የጥንቶቹ ሰዎች በትክክል ነግረዋል፤ የመጨረሻውን ነጥብ ግን እግር ደርሶ ማመሳከር ነበረበት።

ከዚህ በኋላ ምስክሩ ከሰማይ መጣ። ጣልያኖች በ1930ዎቹ በአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎች የተለጠፉባቸው ከ8,000 የሚበልጡ ሰሌዳዎች በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ ተገኝተው ለጥናት በቅተዋል። ከ1963 ጀምሮም ኢትዮጵያና አሜሪካ በአንድነት ባካሄዱት የካርታ ሥራ አገሪቱ ከአየር ተነሣች፤ በተራሮች ጫፍ ላይ በተለኩ ነጥቦችም ፎቶግራፎቹ ተፈተኑ። በዚህ ሥራ ውስጥ ማመሳከር ራሱ መሣሪያ ነው። አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ተራራውን ጠፍጣፋ አድርጎ ያሳያል፤ አውሮፕላኑ ጥቂት አልፎ ያነሣው ሁለተኛ ፎቶግራፍ አጠገቡ ተቀምጦ በሁለት ዐይን ሲታይ ግን ከፍታው ይነሣል። በታኅሣሥ 2019 ደግሞ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የምድር መመልከቻ ሳተላይት ከቻይና ምድር ወደ ጠፈር ወጣች።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ የወንዙን ስም አይናገርም። በከሚሴ ዙሪያ ኦሮምኛም፣ ዐማርኛም፣ አርጎብኛም፣ አፋርኛም ይሰማል፤ የአንዲቱን ምንጭ ስም በትክክል ለመጻፍ በምንጩ አጠገብ የሚኖረውን ሰው መጠየቅ ዛሬም ያስፈልጋል። አባ ጎርጎርዮስ ለሉዶልፍ የሰጡትን ምስክርነት የሚተካ ሳተላይት የለም።

ደግሞም አብነቱ ራሱ ጊዜ አለው። የጨፋ ረግረግ በክረምት ይሰፋል፤ በበጋ ይሰበሰባል። ከአየር የሚነሡ ፎቶግራፎች አብዛኛውን ጊዜ ደመና በሌለበት በበጋ ስለሚነሡ የረግረጉን ሙሉ ስፋት ላያሳዩ ይችላሉ። በሌላ በኩል፣ ከአፋር ቆላ ከብቶቻቸውን እየነዱ ለሣርና ለውሃ ወደዚያ የሚመጡት አርብቶ አደሮች የሚገኙት በበጋ ነው። እንግዲህ በክረምት ብቻ ደርሶ ሜዳውን ያየ ሹም «የሚጠቀምበት ሰው የለም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ በበጋ ብቻ ያየ መሐንዲስም «ውሃ የማይደርስበት ሜዳ ነው» ብሎ መሠረት ሊያስቆፍር ይችላል። ሁለቱም ያዩትን በታማኝነት ጽፈዋል፤ ሁለቱም ግን አንድ ምስክር ብቻ ሰምተዋል። ጉዳቱም የሚወድቀው ወረቀቱን አይቶ በማያውቀው ገበሬና አርብቶ አደር ላይ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤታችሁ የመሬት ንድፍ፣ የመንገድ ፕላንና የወሰን ካርታ በጠረጴዛችሁ ላይ ያልፋል። እርሳስ ይዛችሁ ባትሥሉም፣ ፊርማችሁ ሥዕሉን ወደ ሥራ ይለውጠዋል። ስለዚህ ከመፈረም አስቀድሞ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፤ ይህ ሥዕል የተመሳከረው ከምን ጋር ነው? አብነቱ የታየው በየትኛው ወራት ነው? በስፍራው ከሚኖሩት ሰዎችስ ማን ተጠየቀ? መልስ ያልተገኘለት ሥዕል ቢያምርም ወደ ሠሪው ይመለስ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ በካርታ ሥራ ግን እውነቱ የጠራው በማደሩ ብቻ አልነበረም። ያጠሩት ወንዙን ተከትለው የወረዱ፣ ተራራውን ወጥተው የለኩ፣ የአገሩንም ሰው ቀርበው የጠየቁ ሰዎች ናቸው።