ኦክሲዴሽን

ምግብ ላይ ሲነገር፣ ኦክሲዴሽን ማለት ስብ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ መበላሸቱ ነው። ብዙ ሰው ከሻጋታ ጋር ያምታታዋል። ሻጋታ ሕይወት አለው፤ እርጥበት ይፈልጋል። ኦክሲዴሽን ግን ኬሚስትሪ ነውና ደረቅ ዱቄትም አያመልጠውም። «ደርቋል፤ ምን ይሆናል?» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም።

ባለ ሙሉ ስብ የዱቄት ወተት ቢያንስ 26 በመቶ ስብ አለው፤ ስቡ የወጣለት ግን ከ1.5 በመቶ አይበልጥም። የመጀመሪያው ቀድሞ የሚበላሸው ለዚህ ነው። ክዳኑን ሲያነሱ እርጥብ ካርቶን ወይም የግድግዳ ቀለም የሚመስል ሽታ ከመጣ ነገሩ ጀምሯል። የእንቁላል ዱቄት ደግሞ የባሰ ጣጣ አለው፦ አስኳሉ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ራሱ በትኩስ አየር ሲደርቅ፣ ከዚያም መጋዘን ሲከርም ኦክሳይድ ይሆናል። (ይህን ማሸጊያው አይነግረንም።)

አምራቾች ከቆርቆሮው አየሩን አስወጥተው ናይትሮጅን የሚሞሉት ይህን ለማዘግየት ነው። ቆርቆሮው ሲከፈት ጥበቃው ያበቃል፤ የታተመው ቀንም ላልተከፈተ ቆርቆሮ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ አንዴ ከከፈቱት በደንብ ገጥመው፣ ከምድጃና ከፀሐይ አርቀው ያስቀምጡ፤ ሳይቆይም ይጨርሱት።