የዳንግሬክ ተራሮች የወሰን ካርታ
በወረቀት የታተመ፤ መስፈርት 1፡200,000፤ ፓሪስ፣ 1908 (ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ.)

ሲያም፣ ማለት የዛሬዋ ታይላንድ፣ ካምቦዲያን በሞግዚትነት ትገዛ ከነበረችው ከፈረንሳይ ጋር በ1904 በተዋዋለችው ውል ወሰኑ የተራራውን የውኃ መለያ ጫፍ እንዲከተል ተስማምታ ሳለ፣ በፈረንሳይ መኮንኖች እጅ የተነደፈው ይህ ካርታ መሥመሩን ወደ ሰሜን አዙሮ፣ በገደል አፋፍ ላይ ለሺቫ አምልኮ የታነጸውን ጥንታዊውን የፕሬያ ቪሂር ቤተ መቅደስ በካምቦዲያ ግዛት ውስጥ አስቀረው። ካርታው ባንኮክ በደረሰ ጊዜ የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ልዑል ዳምሮንግ፣ ለአውራጃ ገዥዎች የሚታደል 15 ተጨማሪ ቅጅ እንዲላክላቸው ከምስጋና ጋር ለመኑ እንጂ አንዳች የተቃውሞ ቃል አላሰሙም፤ በ1930ም ቤተ መቅደሱን ሊጎበኙ ሲወጡ የፈረንሳይ ሹም ሰንደቅ ዓላማውን ሰቅሎ ቢቀበላቸው፣ ከሲያም ወገን ተቃውሞ አልተሰማም።

በሄግ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በጁን 15 ቀን 1962፣ በ9 ድምፅ በ3 ላይ፣ ቤተ መቅደሱ የካምቦዲያ ነው ብሎ ሲበይን፣ ከተራራው ቅርጽ ይልቅ ይህን የብዙ ዘመን ዝምታ እንደ ታላቅ ምስክር ቆጠረው፤ በእኛም አስተያየት ከመዝገቡ ሁሉ እንደዚያ እንደ 15ቱ ቅጅ ልመና የሚያሳዝን የለም፤ በቅን ልቡና የተጻፈ ትሕትና መብትን አሳልፎ ሰጥቷልና።

ስለ ቤተ መቅደሱ ቢፈረድም የዙሪያው መሬት ነገር ሳይቆረጥ በመቅረቱ፣ ሥፍራው በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ በኋላ ክርክሩ ታደሰ፤ በ2011 የሁለቱ አገሮች ጦር በመድፍ ተታኮሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2013 የቀድሞ ብያኔውን ተርጉሞ፣ ቤተ መቅደሱ የቆመበት አፋፍ በመላው የካምቦዲያ መሆኑን አስታወቀ።