የቆላ ሙቀት የእግር ጉዞን ይተካል? የሕዋስ መከላከያ ፕሮቲኖችና ኤሮቢክ እንቅስቃሴ በዓይነት 2 የስኳር ሕመም

አኅጽሮት
ይህ መጣጥፍ ሕዋስን ከጉዳት የሚከላከሉት የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲኖች (ኤችኤስፒ) በዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያላቸውን ድርሻ ከጅግጅጋና ከሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች ኑሮ ጋር አያይዞ ይመረምራል። መከራከሪያው፣ ፕሮቲኖቹን በጡንቻ ውስጥ ለመጨመር የአየሩ ሙቀት ብቻውን እንደማይበቃና ጡንቻው ራሱ መሥራት እንዳለበት ነው።

መነሻ
ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ለዘብ ያለ ነው፤ በሲቲ ዞን ያሉት ሺኒሌና አይሻ ግን ሐሩር ቆላ ናቸው። የፕሮቲኖቹን ስም የሰማ አንባቢ የቆላው ነዋሪ ሳይንቀሳቀስም ከሕመሙ የሚጠበቅ ሊመስለው ይችላል። ስሙ የመጣው ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ በ1962 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ግኝት ነው፤ የፍሬ ዝንብ ሕዋሳት ሲሞቁ የክሮሞዞሞቻቸው አንዳንድ ክፍሎች ሲያብጡ አይቶ ነበር። ይሁንና ፕሮቲኖቹን የሚቀሰቅሰው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ የኃይል እጥረትና ከኦክሲጅን የሚመነጩ ጎጂ ሞለኪውሎች የሚያደርሱት ጉዳትም ያነሣሣቸዋል።

አሠራሩ
ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው ኤችኤስፒ 72 የተበላሹ ፕሮቲኖችን ቅርጽ ያቃናል፤ የኢንሱሊንን መልእክት የሚያውከውን ጄኤንኬ የተባለ ኤንዛይምም ይገታል። በ2002 የታተመ ጥናት፣ በዓይነት 2 ታካሚዎች ጡንቻ ውስጥ የዚህ ፕሮቲን ጂን እንቅስቃሴ አነስተኛ መሆኑንና ይህም ከኢንሱሊን መቋቋም ጋር መያያዙን አሳይቷል። በ2008 ደግሞ ፕሮቲኑ እንዲበዛላቸው የተደረጉ አይጦች ቅባት የበዛበት ምግብ ከሚያመጣው የኢንሱሊን መቋቋም ተጠብቀዋል።

ሙቀትና ሥራ ሲለዩ
በ1999 ስምንት ታካሚዎች ለሦስት ሳምንት በሙቅ ውኃ ሲዘፈዘፉ የጾም ስኳራቸው ቀንሷል። ይህ ለሙቀት ወገን የሚቆም ማስረጃ ቢሆንም የታየው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው። በሌላ በኩል ጤነኛና ንቁ ወንዶች 45 ደቂቃ ሲሮጡ በጡንቻቸው ያለው ኤችኤስፒ 70 (ኤችኤስፒ 72 የሚመደብበት ቤተሰብ) ጨምሯል፤ በ2007 በታተመ ጥናት ግን እንዲህ ያሉ ወንዶች ሳይሠሩ ጡንቻቸው ሩጫ የሚያደርሰውን ያህል ሲሞቅ ፕሮቲኑ አልጨመረም።

ለአካባቢው ምን ይላል?
የከሰዓቱ የጫት በርጫ፣ ለሰዓታት መቀመጡና ስኳር የበዛበት ሻይ ጡንቻውን ሥራ ፈት ያደርጉታል፤ የሺኒሌ ፀሐይ ይህን አይክስም። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ታካሚው ከሁለት ቀን በላይ ባያቋርጥ ይሻላል። በቆላ ይህን ማለዳ መፈጸም ይበጃል፤ በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ። ነርቩ የተጎዳ ሰው በወጉ ላያልበው ስለሚችል በሙቀት ቶሎ ይጠቃል፤ እግሩ ላይ የወጣ ቁስልም ላይሰማው ይችላል። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ስኳሩ እንዳይወርድበት ከሐኪሙ ጋር መመካከር አለበት።

ማጠቃለያ
መከራከሪያው በጅግጅጋና በሺኒሌ ሊፈተን ይችላል። እውነት ከሆነ፣ የማይንቀሳቀስ የሺኒሌ ታካሚ ጡንቻ ከማይንቀሳቀስ የጅግጅጋ ታካሚ ጡንቻ የበለጠ ኤችኤስፒ 72 ሊኖረው አይገባም፤ ልዩነቱ መታየት ያለበት በየከተማው በሚራመዱትና በማይራመዱት መካከል ነው።