ለሁሉም ጣቢያዎች፤ ወረቀት ለሚፈልግ ግን 25 ዶላር

ግቢ እያለሁ የአንድ ክበብ አባል ነበርኩ። ስሙን ልተወው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። በየሴሚስተሩ መዋጮ እንከፍላለን፣ በወር አንዴ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ተደርጋ በስቴፕለር የተመታች ስምንት ገጽ ቡሌቲን ይታደለናል። አንድ ቀን ሰብሳቢያችን ተነሳና «ከእንግዲህ ቡሌቲኗን የሚፈልግ ሁለት ሁለት ብር ይጨምር፤ የማይጨምር ሰሌዳ ላይ ተለጥፋ ቆሞ ያንብብ» አለን። እናንተዬ፣ የተነሳው ጫጫታ! ሁለት ብር ያኔም ቢሆን የሚያጣላ ገንዘብ አልነበረም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን «እና እስከ ዛሬ የከፈልኩት መዋጮ የምን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው መልስ አልነበረውም።

የዚያ ልጅ ጥያቄ ትዝ ያለኝ ስለ አሜሪካ አማተር ሬዲዮኞች ሳነብ ነው። አማተር ሬዲዮኛ ማለት ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ብሎ ቤቱ ውስጥ የሬዲዮ ማሰራጫ ተክሎ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚያወራ ሰው ነው። (ዛሬ ለእኛ ቀልድ ሊመስለን ይችላል። በዚያ ዘመን ግን ከማያውቁት ሰው ጋር በሩቁ ማውራት ተአምር ነበር።) የእነሱም ክበብ እንደኛው ወረቀቱን ለብቻ ማስከፈል ጀመረ፤ እነሱም ያንኑ ጠየቁ። ልዩነቱ የእነሱ ክበብ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ ያለው መሆኑ ነው፤ መልሱም እዚያ ታሪክ ውስጥ አለ።

ነገሩ የጀመረው በ1914 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በኮኔቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ የሚኖር ሃይረም ፐርሲ ማክሲም የሚባል መሐንዲስ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ስፕሪንግፊልድ መልእክት ማድረስ ፈልጎ ማሰራጫው አልደርስ አለው። መሐል መንገድ ላይ፣ ዊንዘር ሎክስ የሚባል ቦታ፣ ሌላ አማተር ነበርና እሱ ተቀብሎ አሳለፈለት። ማክሲም «ይህ በአንድ መንገድ ከሆነ በአገሩ ሁሉ ለምን አይሆንም?» ብሎ፣ ገና ሃያ ዓመት ካልሞላው ከክላረንስ ታስካ ጋር የአሜሪካ የሬዲዮ ቅብብል ሊግን መሠረተ። (ማክሲም የሚለው ስም ጆሯችሁን ከኮረኮረው አልተሳሳታችሁም፤ አባቱ የመትረየሱ ፈልሳፊ ነው። ልጁ ደግሞ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ሠራ። እንግዲህ አባት ያስጮኸውን ልጅ ዝም ሲያሰኝ!)

በታኅሣሥ 1915 መጽሔታቸው ወጣ። ስሙ «ኪው ኤስ ቲ» ነው። በቴሌግራፍ ቋንቋ ይህ ምልክት «ለሁሉም ጣቢያዎች የተላለፈ መልእክት» ማለት ነው። ይህን ትርጉም ያዙልኝ።

ብዙ ተቆጪዎች የዘነጉት ነገር ቢኖር መጽሔቱ ሲጀመር የሊጉ ንብረት አለመሆኑ ነው። የታስካ ነበር፤ የሚያነበውም ለመጽሔቱ ብሎ ይከፍል ነበር። ከዚያ በ1917 አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባችና አማተሮች ሁሉ ጣቢያቸውን እንዲዘጉ ታዘዙ። መጽሔቱም በዚያው ዓመት ተቋረጠ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሊጉ ባዶ ካዝና ይዞ ነበር የቀረው፤ ሆኖም በ1919 ከአባላት በተበደረው ገንዘብ መጽሔቱን ከታስካ ገዛው። ልብ በሉ፣ መጽሔቱ እንደገና ሲታተም አማተሮች ማሰራጨት ገና አልተፈቀደላቸውም ነበር። ሬዲዮ የሌለው የሬዲዮ ክበብ! አባላቱን አንድ ላይ ይዞ ያቆየው አየር ሞገዱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። እንደኔ እንደኔ ወረቀቱና ክበቡ አንድ ነገር የሆኑት ያኔ ነው።

አንድ ያደረጋቸው ግን ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ፖስታ ቤትም አለበት። በ1879 የወጣው የአሜሪካ የፖስታ ሕግ ለጋዜጣና ለመጽሔት በጣም ርካሽ ዋጋ ፈቀደ፤ ግን በነጻ ለሚበተን ጽሑፍ አይሆንም፣ በትክክል የከፈሉ ደንበኞች ዝርዝር ያስፈልጋል አለ። ታዲያ ክበቦች ምን አደረጉ? መዋጮው ውስጥ ይህን ያህሉ የመጽሔቱ ዋጋ ነው ብለው እዚያው መጽሔቱ ላይ ማተም ጀመሩ። አባሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ደንበኛ ሆነ ማለት ነው። የቴምብር ሰብሳቢው፣ የአበባ አትክልተኛው፣ የሬዲዮኛው ክበብ ለአሥርት ዓመታት የኖረው በዚህ ስሌት ነው። ስለዚህ «መዋጮዬ የምን ነበር?» ለሚለው ግማሹ መልስ ግልጽ ነው፤ የወረቀቱ ነበር። አባልነት እያልን የምንጠራው ነገር ደህና አድርጎ የተጠቀለለ የመጽሔት ሽያጭም ነበር።

ሁሉም ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። በ1930ዎቹ የተፈለፈሉት የሳይንስ ልቦለድ አፍቃሪዎች በስቴንስል እያባዙ የሚያወጧቸውን ትንንሽ መጽሔቶች ለማግኘት የግድ ገንዘብ አያስፈልግም ነበር። ስላነበብከው ደብዳቤ ከጻፍክ፣ ወይም የራስህን መጽሔት በልዋጩ ከላክህ፣ ቀጣዩ እትም ይደርስሃል። በ1937 የተመሠረተው የአፍቃሪዎች የአማተር ፕሬስ ማኅበር ደግሞ ይባስ፤ እያንዳንዱ አባል የጻፈውን ለሁሉም በሚበቃ ቁጥር ራሱ አባዝቶ ይልካል፣ አንድ ሰው አንድ ላይ ጠርዞ ለሁሉም ይበትናል። አንባቢ ሁሉ አሳታሚ ከሆነ ማን ማንን ያስከፍላል? የቀለሙና የወረቀቱ ወጪ ቀረ ማለት አይደለም፤ በየቤቱ ተከፋፈለ እንጂ። (እኔ በበኩሌ የዚያ ዘመን ሰው ብሆን ኖሮ በደብዳቤ ብቻ መቶ መጽሔት አገኝ ነበር።)

ወደ ሬዲዮኞቹ ልመለስ። በ2012 ኪው ኤስ ቲ በዲጂታልም መነበብ ጀመረ። ለጊዜው ሁለቱም አብረው ስለመጡ ማንም አልተቀየመም። ቁጣው የመጣው ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ነው። ዓመታዊው መዋጮ ከ49 ዶላር ወደ 59 ዶላር ከፍ አለ፣ አባል የሆነ ሁሉ የሊጉን አራት መጽሔቶች በዲጂታል ያነባል፣ ኪው ኤስ ቲን በወረቀት የሚፈልግ ግን 25 ዶላር ይጨምራል ተባለ። እስቲ እንደምረው። ትናንት በ49 ዶላር መጽሔቱ ደጁ ድረስ ይመጣለት የነበረ ሰው ዛሬ 84 ዶላር ሊከፍል ነው። ጭማሪው ከ70 በመቶ በላይ ነው። ወረቀት ይቅርብኝ ያለው ደግሞ አሥር ዶላር ጨምሮ ወረቀቱን ያጣል።

ሊጉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ወረቀት ተወዷል፣ ማተሚያ ቤት ተወዷል፣ ፖስታ ተወዷል። ስክሪን ላይ የሚያነበው ወጣት ቴምብር እየላሰ የሌላውን ወጪ ለምን ይሸፍን የሚለው ክርክርም ውሃ ይቋጥራል። ግን ወረቀቱን የሚወደው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ሽማግሌው ነው፤ አርባ ዓመት መዋጮ የከፈለው፣ የድሮ እትሞችን በየመደርደሪያው ደርድሮ ያስቀመጠው። ዋጋውን ለይቶ ማስቀመጥ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ፣ መዋጮውንም ጨምሮ ወረቀቱንም ነጥሎ፣ እሱ ነው ያስከፋው። «ለሁሉም ጣቢያዎች» የሚል ስም የያዘ መጽሔት ሲሆን ደግሞ ትንሽ ያማል።

በዚያው ዓመት በግንቦት ሌላ ጣጣ መጣ። የሊጉ ኮምፒውተሮች በሰርጎ ገቦች ተጠቁ፤ አማተሮች የተገናኙበትን መዝገብ የሚያረጋግጡበት የኢንተርኔት አገልግሎት እስከ ጁላይ መባቻ ተዘግቶ ከረመ፣ ሊጉም አንድ ሚሊዮን ዶላር ማስለቀቂያ ከፈለ። ወረቀት ወዳዶቹ ያን ሰሞን ምን እንዳሉ መገመት አይከብድም።

ከእኛ ሰፈር ሆኖ ሲታይ ደግሞ ሒሳቡ ይገለበጣል። አምስት ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ፣ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚል መጠሪያ የሚታወቅ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ። እዚያ የሚለማመድ ተማሪ የሊጉ አባል ለመሆን ቢበቃ፣ ወረቀቱ ባሕር ተሻግሮ ፖስታ ሣጥን ቁጥር እስኪገባ ከመጠበቅ ዲጂታሉ ይሻለዋል፤ ኮኔቲከት ካለው ሽማግሌ እኩል ያነባል። ለአንዱ መቀነስ የሆነው ለሌላው መጨመር ነው። ኔትወርክ ካለ ማለቴ ነው።

የእኛ ክበብ ቡሌቲን ምን ሆነ? ሶፍት ኮፒው በሰብሳቢው ፍላሽ ዲስክ ላይ ነበር፤ ቫይረስ በላው። ሰሌዳው ላይ የተለጠፉትን ደግሞ ዝናብና የፈተና ፕሮግራም ጨረሷቸው። እኔ ጋ ሁለት ሁለት ብር ጨምሬ የወሰድኳቸው አራት እትሞች አሉ። ያ ከኋላ ተቀምጦ የጠየቀው ልጅ በቀደም ደወለልኝ፤ በአንደኛው ላይ የወጣች ግጥሙን ፎቶ አንስቼ እንድልክለት ፈልጎ ነው። ሁለት ብሩን መጀመሪያ ላክ አልኩት።