የአሌክሳንደር ዕድሜ፦ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ የሕፃናት ገጸ ባሕርያት እድገት

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ልጅ ዕድሜ ነው። ልጁ አሌክሳንደር ይባላል። «ስታር ትሬክ» በተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ፣ ክሊንጎን ከሚባለው ጦረኛ ሕዝብ የተወለደው የመኮንኑ የዎርፍ ልጅ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ድራማው አንዱን የስርጭት ዓመት በተለምዶ እንደ አንድ የታሪክ ዓመት ይቆጥራል፤ «የኮከብ ቀን» የሚባለው የራሱ ዘመን መቁጠሪያም በየዓመቱ አንድ ሺህ ይጨምራል። ልጁ የተፀነሰበት ክፍል የተላለፈው በ1989 ነው (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1990 መገባደጃ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስናየው ግን ቆሞ የሚሄድ፣ አጥርቶ የሚናገር፣ አምስት ወይም ስድስት ዓመት የሞላው የሚመስል ልጅ ነው። በ1992 መጀመሪያ ትምህርት ቤት ሲገባ የልደት ቀኑ 43205 መሆኑ ይነገረናል፤ የታሪኩ ቀን ደግሞ 45376 ነው። ብትቀንሱት ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ይሆናል።

ለዚህ ምክንያት አለው። የካሊፎርኒያ የሥራ ሕግ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በቀን ከ20 ደቂቃ በላይ እንዲቀረጽ አይፈቅድም። ከዚህም በላይ፣ ጨቅላ ሕፃን ከአባቱ ጋር አይከራከርም፤ ጸሐፊዎቹ የፈለጉት ግን የአባትና የልጅ ክርክር ነበር። «ቮየጀር» ላይ በ1996 የተወለደችው ናኦሚም በሁለት ዓመት ውስጥ አስተዋይ ልጃገረድ ሆናለች። የእርሷ አባት የሰው ዘር አለመሆኑ ለጸሐፊዎቹ ምቹ መሸሸጊያ ነበር።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። «ስትሬንጀር ቲንግስ» በ2016 ተጀምሮ በ2025 ሲያበቃ፣ በታሪኩ ውስጥ ያለፉት ከ1983 እስከ 1989 ያሉት ስድስት የማይሞሉ ዓመታት ብቻ ናቸው። እዚያ ገጸ ባሕርያቱ ዘግይተው ተዋንያኑ ቀደሙ። ይህ ለተመልካች ፈገግታ ከመሆን አያልፍም፤ የአሌክሳንደር ግን ከዚህ የከበደ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የጠፋው ልጅነቱ ነው።

ከ1994 በኋላ ልጁ ከስክሪን ጠፋ፤ ዎርፍ በ1995 ወደ «ዲፕ ስፔስ ናይን» ሲዛወር ልጁን ይዞ አልመጣም። በ1997 አሌክሳንደር በሌላ ተዋናይ ተመስሎ፣ የጦር ልብስ ለብሶ፣ አባቱ በሚያገለግልበት የክሊንጎን መርከብ ላይ ብቅ አለ። መሣሪያ አያያዝ አያውቅበትም፤ ባልደረቦቹ ይስቁበታል። ቂሙ አባቱ ምድር ላይ ላሉት አያቶቹ ሰጥቶት መርሳቱ ነው። የዕድሜውን ስሌት ያበላሹት ጸሐፊዎች፣ አውቀውም ይሁን ሳያውቁ፣ ይህን ወቀሳ በልጁ አፍ ሲያናግሩ እነርሱም ከተወቃሾቹ መካከል ናቸው፤ እነዚያን ዓመታት ለእኛም አላሳዩንምና።

በክፍሉ መጨረሻ ዎርፍ ልጁን ጦረኝነት ሊያስተምር፣ ልጁም እርሱን አባትነት ሊያስተምረው ይስማማሉ። በድራማው በራሱ አቆጣጠር ያን ጊዜ ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው።