ይማም፦ የስሙ ትርጉምና አጠቃቀም

«ይማም» ከሚሴንና የጨፋን ሸለቆ ጨምሮ በወሎ ለወንድ ልጅ የሚወጣ የቆየ ስም ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት እንደ «ይልማ» እና «ይርጋ» ከግስ የተገኘ ይመስላል፤ አይደለም። ምንጩ የዓረብኛው «ኢማም» ሲሆን መሪ፣ በተለይም ሶላት የሚያሰግድ ማለት ነው።

በወሎ ቃሉ የገዢዎች ማዕረግም ነበር። ንጉሥ ሚካኤል በ1878 (እ.ኤ.አ.) ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። የየጁው ራስ ይማም ደግሞ በዘመነ መሳፍንት፣ ከ1825 እስከ 1828 (እ.ኤ.አ.)፣ በጎንደር ነገሥታት ስም ሥልጣኑን ይዘዋል። ዛሬም የክርስቲያን አባት ስም ይማም ቢሆን ወሎ ውስጥ ማንም አይገረምም።

ችግሩ ጽሕፈት ላይ ነው። ጸሐፊው «ላርመው» ብሎ መታወቂያ ላይ «ኢማም» ሲያደርገው ከትምህርት ማስረጃው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የመጀመሪያዋን ፊደል ይመልከቱ።