ያለ ፀሐይ፣ ያለ ኦክስጂን

ዴሰልፎሩዲስ ኦዳክስቪያቶር፤ ባክቴሪያ
ምፖኔንግ የወርቅ ማዕድን፣ ከጆሃንስበርግ ደቡብ ምዕራብ፤ 2.8 ኪሎ ሜትር ጥልቀት

ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የጆሃንስበርጉ ሜይፌር የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ሆኖ የተቆረቆረ ነው። ያው የወርቅ ፍለጋ በምፖኔንግ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ጉድጓዱም ያልታሰበ ሕይወት አሳየ። በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ያለው 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚሞቅ ውሃ ሲጣራ፣ ከተገኘው ዲኤንኤ ከ99.9 በመቶ በላይ የሆነው የዚህ አንድ ፍጡር ነበር።

በቤተ ሙከራ ሳያድግ ማንነቱ እንዴት ታወቀ? ጂኖሙ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር ከክሎስትሪዲያ ወገን ሆነ። ጂኖቹ ደግሞ ኬሚስትሪውን ገለጡ፦ የዩራኒየም ጨረር ውሃን ሲሰነጥቅ የሚፈጠረውን ሃይድሮጂን ይመገባል፤ በኦክስጂን ፈንታ በሰልፌት ይተነፍሳል፤ ካርቦንና ናይትሮጂንን ራሱ ያዋህዳል። ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ታተመ።

በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የደቡብ አፍሪካ፣ የሳይቤሪያና የካሊፎርኒያ ናሙናዎች ሲነጻጸሩ ጂኖማቸው ከ99 በመቶ በላይ ተመሳሰለ። ተመራማሪዎቹ ባክቴሪያው ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት እጅግ ጥቂት እንደተለወጠ ያስባሉ። ጂኖም ዝምድናውን፣ ኬሚስትሪ አኗኗሩን ይናገራል፤ እንዲህ ያለ ፍጡር በትክክል የሚመደበው ሁለቱ አብረው ሲመሰክሩ ነው።